«ቤት ነሽ አይደል?»

 

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከወደ ሰፈሬ ከቀራንዮ ነው። ያስቀደምኩት ግን የሰፈሬ ሰው ስለሆነች አይደለም። ነገሩ የብዙ ቤት ጉዳይ ስለሆነ ነው። ዘንድሮ በየጊቢው አንድ «ለፈተና የሚዘጋጅ» ልጅ አይጠፋም። ዲግሪውን ይዟል፤ ማስታወቂያ ሲያሳድድ ከርሟል፤ ተመዝግቧል፤ «ትጠራላችሁ» ተብሏል። እስኪጠራ ድረስ ግን ምን እንበለው? ተማሪ እንዳንለው ተመርቋል። ሠራተኛ እንዳንለው ደመወዝ የለውም። ሥራ ፈት እንዳንለው ደግሞ ሌሊቱን ሲያነብ ያድራል። መቼስ ለዚህ ኑሮ ስም አልወጣለትም!

እስቲ ወደ ደብዳቤው ልውሰዳችሁ። ጸሐፊዋ ስሟ እንዳይወጣ ለምናናለች፤ እኛም አክብረናል። ረዘም ያለ ስለነበር አሳጥሬዋለሁ።

«ዕድሜዬ 25 ነው። በአካውንቲንግ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። የመውጫ ፈተናውን ባንዴ ነው ያለፍኩት። የምኖረው ከታላቅ እህቴ ጋር ነው፤ ባለቤቷና ሁለት ልጆቿ አሉ። ከሰዓት በኋላ ቤቴል አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት እየሠራሁ በወር 4,000 ብር አገኛለሁ። የሰው ዲግሪ ስገለብጥ እውላለሁ፣ የኔ ፍራሽ ሥር ተኝቷል። አሁን ለአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ተመዝግቤ ፈተናው በሁለት ወር ውስጥ ነው ተብለናል። ጠዋት ደብተሬን ይዤ ስቀመጥ ግን «ቤት ነሽ አይደል?» ይመጣል። ቤት ነሽ አይደል፣ ልጆቹን አድርሺ። ቤት ነሽ አይደል፣ ውኃ መጥቷል ቅጂ። ቤት ነሽ አይደል፣ ጎረቤት ድግስ አለ ሽንኩርት ክተፊላቸው። እህቴ ክፉ ሆና አይደለም፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ እምቢ ማለት ያቅተኛል። ሱቁን ትቼ ሙሉ ቀን ላንብብ ይሆን? ሁለተኛው ጭንቀቴ ይብሳል። አንድ ሰው ተዋወቀኝና «ፈተናው ለወጉ ነው፣ ዝርዝሩ ያለቀ ነገር ነው፣ 50,000 ብር አምጪና ስምሽን ላስገባ» አለኝ። ዕቁብ ደርሶኝ 20,000 ብር አለኝ። እህቴ «የቀረውን የሠርጌን ሀብል ሸጬ እሞላልሻለሁ» አለችኝ። ሀብሉን ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣዋለች። መልስሽን ቶሎ…»

*

እህቴ፣ ቶሎ ካልሽኝ ከሀብሉ ልጀምር። ሀብሉ ወደ አንገቷ ይመለስ! ዛሬውኑ!

ለምን መሰለሽ? ያ ሰውዬ ስለ ፈተናው ምንም ላያውቅ ይችላል፤ ሂሳብ ግን ያውቃል። እንዲህ አስቢው። ከሃያ ተፈታኝ ሃምሳ ሃምሳ ሺህ ብር ይቀበላል፤ ያ አንድ ሚሊዮን ብር ነው። ጣቱን ሳያነሳ ይቀመጣል። ከሃያዎቹ ሦስት አራቱ በራሳቸው ጉበዝና ማለፋቸው አይቀርም። ለነሱ «አላልኳችሁም?» ይላል። እነሱም ለዘመድ አዝማድ ያወሩለታል። ለወደቁት ደግሞ «ከላይ ተበላሸ፣ ለሚቀጥለው ዙር» ይላል፣ ወይ ስልኩን ይዘጋል። የወደቀችውስ የት ሄዳ ትከሰዋለች? «ጉቦ ሰጥቼ ከዳኝ» ብላ? በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 የሚጠየቀው ተቀባዩ ብቻ አይደለም፣ ሰጪውም ነው። ሰውዬው የተማመነው በዚህ ነው፤ ገንዘብሽን ሲወስድ አፍሽንም አብሮ ይቆልፈዋል።

«እሺ፣ ሰውዬው የእውነት ሰው ቢኖረውስ?» ትይኝ ይሆናል። ይሁን፣ ወንበሩን ገዛሽው እንበል። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ከእንግዲህ አይፈተንም ያለሽ ማነው? በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በሥራ ላይ ያሉ ሠራተኞቹንና ኃላፊዎቹን በሺዎች ሰብስቦ የብቃት ፈተና አስቀምጧቸው ነበር። ከወደቁት ውስጥ ስንት ዓመት ወንበር ያሞቁ ነበሩበት። የዚያን ሰሞን በየታክሲው ሌላ ወሬ አልነበረም። ስለዚህ ዛሬ በገንዘብ የዘለልሽው ፈተና ነገ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅሻል። ያኔ ደግሞ ስንት ልትከፍይ ነው?

ሂሳቡንም እንየው፤ አካውንታንት አይደለሽ? ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው ጭማሪ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ እንዲል ተወስኗል። በዚህ ሂሳብ 50,000 ብር ግብርና ጡረታ ሳይነሳ ከአራት ወር ደመወዝ ይበልጣል። ሥራ ሳትጀምሪ የአራት ወር ጉልበትሽንና የእህትሽን ሀብል በልተሻል ማለት ነው። ከዚያስ? በዕዳ የገባ ሰው ዕዳውን ከየት ያወጣዋል? ባለጉዳዩን «ነገ ና» እያለ ነዋ! «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚባለው ተረት በየቢሮው የሚዘራው እንዲህ ነው።

ዘመድ አይሠራም ብዬ አልዋሽሽም። አንቺም አንባቢዬም አገር ውስጥ ናችሁ። ግን አንድ ነገር ልብ በይ፤ የፈተና ወረቀት የተፈለሰፈው ዘመድ ለሌለው ሰው ነው። ቻይናዎች ሹመኛን በጽሑፍ ፈተና ሲመርጡ 1,300 ዓመት ያህል ኖረው የተዉት እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። ያኔም ሌባ ተፈታኝ ነበር፤ ከልብስ ሥር የሚለበስ ሸሚዝ ላይ በደቃቅ ጽሕፈት መልስ ጽፈው ይገቡ ነበር። ሆኖም የድሃ ልጅ ከቤተ መንግሥት ደጅ የሚደርስበት መንገድ ያው ፈተናው ነበር። በእኛም አገር የመንግሥት ሠራተኛ በችሎታው እየተመዘነ እንዲቀጠር የሚከታተል ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. ነው። ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ ሠርቷል አልልም። አጎት ሚኒስትር ለሌላት የቀራንዮ ልጅ ግን ከዚያ ወረቀት የተሻለ ዘመድ አላየሁላትም።

*

አሁን ወደ ሱቁ። ልተወው ወይ ላልሽው፣ አትተይው!

ፎቶ ኮፒ ቤት መሥራት ለተፈታኝ መታደል ነው። ማስታወቂያ ከሰው ቀድሞ የሚደርሰው እዚያ ነው። ድሮ ሥራ ፈላጊው አራት ኪሎ ድረስ ሄዶ፣ ጋዜጣ ተከራይቶ፣ ቁጭ ብሎ የቅጥር ማስታወቂያ ይገለብጥ ነበር። ዛሬ ቴሌግራም አለ፤ ግን ቴሌግራሙ እውነቱንም ውሸቱንም አብሮ ያመጣል። አንቺ ደግሞ ማስታወቂያውን ከነማኅተሙ ታዪዋለሽ። ደግሞም 4,000 ብር ትንሽ ብትሆንም የታክሲሽና የሳሙናሽ ናት። እጇ ባዶ የሆነ ተፈታኝ ሲያነብ ፊደሉ አይታየውም፤ የሚታየው የሚለምነው ሰው ፊት ነው።

ሙሉ ቀን ማንበብ የሚባለውንም አትመኝው። ሰፈራችን ውስጥ ሥራውን ትቶ ለፈተና የተቀመጠ ልጅ አውቃለሁ። መጀመሪያ ሰሞን አሥር ሰዓት አነበበ፣ በሳምንቱ ስድስት፣ ከወር በኋላ ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ስልኩን ሲነካካ ይውላል። ቀኑ ወሰን ሲያጣ ይተንናል። ለአንቺ ግን ሱቁ ወሰን ነው፤ «ከሰዓት በኋላ እሄዳለሁ» የምትል ልጅ የጠዋቷን ሁለት ሰዓት ትሳሳላታለች።

*

ቀጥሎ የቤቱ ነገር። እዚህ ላይ ደብዳቤውን ላቁምና ታላቅ እህትየውን ላናግር። ይፍቀዱልኝ፣ እትዬ።

እትዬ፣ ሀብልዎን ለእህትዎ ሊሸጡ የተነሱ ሰው ነዎት። ከዚህ በላይ ፍቅር ከየት ይመጣል? ግን እሷ የሚያስፈልጋት ሀብሉ አይደለም። በቀን አራት ሰዓት ነው፤ እሱን ደግሞ ገንዘብ አይገዛውም፣ እርስዎ ብቻ ነዎት የሚሰጧት። «ቤት ነሽ አይደል?» የሚሉት ቃል ለርስዎ ቀላል ነው። ለእሷ ግን «ሥራ የለሽም» ማለት ሆኖ ነው የሚሰማት። ወንድም ቢሆን ኖሮ ደብተር የያዘውን «ተነስና ሽንኩርት ክተፍ» ይሉት ነበር? ይፍረዱ እንግዲህ።

አንቺም ብትሆኚ እህቴ፣ ዝም ብሎ መብሰልሰል መፍትሔ አይሆንም። ተቀምጣችሁ በግልጽ ተዋዋሉ። «ይህን ይህን እሠራለሁ፣ በዚህ በዚህ ሰዓት ግን ቤት እንደሌለሁ ቁጠሪኝ» በያት። ሰው ቤት ስለምትኖሪ ከሥራ ሙሉ በሙሉ ማምለጥ ነውር ነው፤ አያስፈልግምም። እኔ ብሆን እንዲህ እከፍለዋለሁ።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት የአንቺ ነው። ቤቱ ተኝቷል። የሚሰማሽ ከመድኃኔ ዓለም የሚመጣው የቅዳሴ ድምፅና ከመስጊዱ አዛኑ ብቻ ነው፤ ሁለቱም አይረብሹም፣ ሰዓት ይነግሩሻል። የሚከብድሽን ትምህርት ለዚህ ሰዓት አድርጊው። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ባትሪ ማታ ቻርጅ አድርገሽ ተኚ። ማታም ከ3 ሰዓት በላይ አታምሺ፤ ሌሊት የሚነሳ ሰው ማታ የድራማ ዕዳ መክፈል አይችልም።

ከ12 እስከ 2 ሰዓት ተኩል የቤቱ ነው። ቁርሱ፣ ልጆቹን ማድረሱ ያንቺ ይሁን፤ መንገዱም እንቅልፍሽን ያባርርልሻል። ከ3 እስከ 5 ሰዓት እንደገና የአንቺ ነው። በዚህ ሰዓት ከቤት ውጪ! ቤት ካለሽ «ቤት ነሽ አይደል?» አይቀርልሽም። በመድኃኔ ዓለም ቅጥር ግቢ ዛፍ ሥር ሲያነቡ የሚውሉ ተማሪዎች አሉ፣ ተቀላቀያቸው። ሱቅ በማትገቢበት ቀን ደግሞ በጦር ኃይሎች አድርገሽ እስከ አራት ኪሎ ዝለቂ። በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እዚያው ነው፣ ለመግባት አይከፈልም። ነባሩ ወመዘክርም አለልሽ። ግን በየቀኑ አትመላለሺ፤ ከቀራንዮ የታክሲ ሰልፉ ከንባቡ የበለጠ ያደክማል።

ውኃውስ? ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት። መቅዳቱ ላንቺ ከወደቀ አትማረሪ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እስኪሞላ ቆሞ መጠበቅ ነው ሥራው። ቁጥርና ዓመተ ምሕረት በትንንሽ ወረቀት ጽፈሽ ኪስሽ ያዢ፤ ጀሪካን በጀሪካን አንድ አንድ ወረቀት ይሸመደዳል። የቡናው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ጎረቤት ቡና ሦስተኛው እስኪወርድ ጠዋቱ ያልቃል፤ ያውም «ፈተናው ምን ደረሰ?» ለሚል ሁሉ መልስ እየሰጡ! ለሁለት ወር እሁድ እሁድ ብቻ ጠጪ። «እየጠበቅሁ ነው» ብለሽ ነገር አሳጥሪ።

*

ምን ላንብብ ለምትሉም ሁሉ አንድ ምክር አለኝ። በየፎቶ ኮፒ ቤቱ የሚሸጠውን የተጠረዘ «የፈተና ጥያቄ» ከመግዛታችሁ በፊት ዓመተ ምሕረቱን እዩ! ብዙው ያረጀ ነው፤ ከትልቅ ወንድም ወደ ታናሽ እንደ ካፖርት የወረደ። ስለ መንግሥት ሠራተኞች የሚያወራው ጥራዝ አዋጅ ቁጥር 1064/2010ን እያስጠና ከሆነ፣ የፌዴራሉ አዋጅ በ1353/2017 ተተክቷል። የተጨማሪ እሴት ታክስ ጥያቄው 285/1994 ላይ ቆሞ ከሆነ፣ በ1341/2016 ተቀይሯል። ከደመወዝ ገቢ ግብር ነፃ የሆነው የወር ገቢ 600 ብር ነው ካለ ደግሞ፣ በ2017 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። የዛሬን ጥያቄ ባረጀ መልስ መመለስ ሳይነበብ ከመግባት ይብሳል፤ ያልተነበበ ቢያንስ ይገመታል!

ሕገ መንግሥቱ 106 አንቀጽ ነው፣ እሱን ከዋናው ጽሑፍ አንብቢ። ከሙያሽ ደግሞ የረሳሽውን ሳይሆን «አውቀዋለሁ» የምትይውን ፈትሺ። ከሁለት ሰው ጋር ተጣመሪ፤ ሦስት ከሆናችሁ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ወሬ ይሆናል። በሳምንት አንድ ቀን ተገናኙና አንዳችሁ መምህር ሁኑ፤ ለሰው ማስረዳት ያቃተሽ ነገር ገና አልገባሽም ማለት ነው። በዚያው ሰዓት ይዛችሁ የጽሑፍ ፈተና ተፈታተኑ። ከጽሑፉ በኋላ ቃለ መጠይቅ ስለሚኖር ጮክ ብሎ መልስ መስጠትም ልመዱ።

ማስረጃሽን ከፍራሽ ሥር አውጪው፣ ይታጠፋል! ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕት፣ የመውጫ ፈተና ውጤት፣ የ12ኛ ክፍል ካርድ፣ የወጪ መጋራት ወረቀት፣ መታወቂያና ፋይዳ ከነኮፒያቸው በአንድ ፋይል ይሁኑ። በአንድ ወረቀት ጉድለት ከመስኮት የተመለሰ ስንት ጎበዝ አለ መሰለሽ። ለፈተናው ዋዜማ አዲስ ነገር አታንብቢ። ጠዋቱን ደግሞ ጨጨብሳሽን ብዪና በጊዜ ውጪ፤ ከቀራንዮ ወደ መሐል ከተማ ሲኬድ የጦር ኃይሎች ሰልፍ «ተፈታኝ ነኝ» ላለች አይራራም።

*

የመጨረሻው ነገር ወሰን ነው። ይህ መጠበቅ የሚባል ነገር ሰው ይበላል።

ከእኛ ብሶ ደቡብ ኮሪያ ሴኡል ውስጥ ኖርያንግጂን የሚባል ሰፈር አለ። ለመንግሥት ሥራ ፈተና በሚዘጋጁ ወጣቶች የታወቀ ነው፤ ከአልጋ ብዙም በማይሰፋ ክፍል ኖረው፣ ለመብላትም ጊዜ ስለሌላቸው በኩባያ የተሞላ ሩዝ ቆመው ጎርሰው ወደ ደብተራቸው ይሮጣሉ። አንድ ዓመት፣ ሁለት፣ ሦስት… ሕንዶች ደግሞ ለትልቁ የሲቪል ሰርቪስ ፈተናቸው ገደብ አበጁለት። ልዩ ድጋፍ ከሚደረግላቸው ወገኖች በስተቀር ተፈታኝ ከስድስት ጊዜ በላይ አይቀመጥም፣ ዕድሜውም ከ32 ዓመት ማለፍ የለበትም። ጭካኔ ይመስላል፣ አይደል? እኔ ግን ምሕረትም ሆኖ ይታየኛል። ሰውዬውን «ይበቃሃል፣ ሕይወትህን ሂድ ኑራት» የሚለው አካል አለ። እኛ ጋ ይህን የሚለን ስለሌለ ራሳችን እንበለው።

ስለዚህ እህቴ፣ አሁን ልብሽ ረጋ ባለበት ቁጥር ቁረጪ። «ሦስት ፈተና» በይ፣ ወይም «እስከ መጪው ሰኔ» በይና ለእህትሽ ንገሪያት። እስከዚያ ድረስ በሙሉ ልብሽ ተፈተኚ። ካለፈ በኋላ የሱቆች ሂሳብ መያዝም ሙያ ነው፤ ቤቴል ውስጥ ብቻ ደብተሩ የተዝረከረከበት ነጋዴ ስንት አለ! እንዲያውም ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ልትጀምሪ ትችያለሽ። ያ 20,000 ብርሽም ያኔ ነው ሥራ የሚሠራው፤ የደላላ ኪስ ውስጥ አይደለም።

ፈተናው ቢወድቅ የወደቀው አንድ ወረቀት ነው፤ ሌላ ወረቀት ይመጣል። ሀብሉ ከተሸጠና ሰውዬው ከተሰወረ በኋላ ግን በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት እህትማማቾች እንዴት ዓይን ለዓይን ይተያያሉ? እኔን ያሳሰበኝ ከፈተናው ይልቅ ይሄ ነው።

በሉ እንግዲህ፣ ለፈተና የተቀመጣችሁ ሁሉ ይቅናችሁ! ቤታችሁ ተፈታኝ ያለባችሁም ዛሬ ማታ አንድ ጊዜ «ቤት ነሽ አይደል?» የምትለዋን ዋጧትና ሽንኩርቱን ራሳችሁ ክተፉ።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!